በስፔን ገደል ላይ የተሸከምኩት መርዶ

የሰው ልጅ ያለ ጉዳይ በእግሩ መሄድ መቼ እንደጀመረ የሚነግረኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። እኛ ወሎዎች መንገድ ስንወጣ ጉዳይ አለን። ወይ ገበያ ነው፣ ወይ ሠርግ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ የጠፋ በሬ ፍለጋ ነው። የኖርዌይ ሰው ግን እሑድ ጧት ይነሳና ቦርሳውን አዝሎ፣ ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ ጫካ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ውሎ ወደተነሳበት ይመለሳል። ምን አመጣህ ቢሉት ምንም። ማንን አገኘህ ቢሉት ማንንም፤ እንዲያውም ደስ ያለው ማንንም ስላላገኘ ነው። ይህን ነገር ቱር ይሉታል። ቱር ያልወጣ ሰው እዚህ ኦስሎ ውስጥ ሰኞ ጧት ሥራ ቦታ የሚያወራው የለውም።

እኔ እንኳ በቱር ላይ ክፉ መናገር አልነበረብኝም። ሊንደሩድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጫማ እጠግናለሁ። የተላቀቀው ሶል፣ የተበላው ተረከዝ፣ ጭቃ የጠጣው ቆዳ ሁሉ ከዚያ ጫካ ነው የሚመጣልኝ። እንጀራዬ ነው። ግን ሰው የሚበላበትን ነገር ሁሉ መውደድ አለበት ያለው ማነው? ከፈን ሻጭ ሞትን ይወዳል እንዴ?

ታዲያ ይህን የምል ሰው ባለፈው መከር ስፔን ድረስ ሄጄ ገደል ለገደል ስንከራተት ሰነበትኩ። ምክንያቱ እንድሪስ ነው። እንድሪስ ጓደኛዬ ነው፤ አውቶቡስ ይነዳል። ሁለታችንም የምንኖረው ቬስትሊ ነው፤ ባቡሩ ከዚህ በላይስ አልሄድም ብሎ የሚቆምበት ሰፈር። እሱ የደሴ ልጅ ነው፣ እኔ የኮምቦልቻ። በመካከላችን ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ደሴ ከላይ፣ ኮምቦልቻ ከታች በመሆናቸው ይህ ሰው እስከ ዛሬ ቁልቁል ነው የሚያየኝ። የማንከራከርበት ነገር የለም። ሻይ ውስጥ ስኳሩ ይቅደም ሻዩ፣ ዛሬ ይዘንባል አይዘንብም፣ ሁሉም ያከራክረናል። ሃያ ዓመት ተከራክረን አንድም ቀን አልተኳረፍንም። እንግዲህ ወዳጅነት ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም።

እዚህ አገር ሃምሳ ዓመት መሙላት እንደ ሠርግ ነው። እንድሪስ ሃምሳ ሲሞላው የሥራ ባልደረቦቹ ተሰብስበው ስጦታ አመጡለት፤ ለሁለት ሰው የስፔን ጉዞ፣ በወንዝ ገደልና በወይን እርሻ መካከል በእግር መሄድ። ሰው ሃምሳ ሲሞላው ወንበር ይሰጡታል እንጂ ገደል ይሰጡታል? ሚስቱ ዘሀራ ወረቀቱን አየችና ጉልበቴን ለገደል አልሰጥም፤ ሰኢድን ይዘህ ሂድ፣ እሱ ቢያንስ ጫማ ያውቃል አለች። ሰኢድ እኔ ነኝ። እንዲህ ሆኖ ነው በጫማ ዕውቀቴ ምክንያት ስፔን የገባሁት።

አገሩ መቼም አገር ነው፤ አልዋሽም። ኤብሮ የሚባል ወንዝ ድንጋዩን ለሁለት ሰንጥቆት ያልፋል። ከሥር ውሃው፣ ከላይ ገደሉ፣ ከገደሉ በላይ ደግሞ ዓይን እስከቻለው ድረስ ወይን ነው። ወይኑ ተለቅሞ ስላለቀ ቅጠሉ ቀልቶ መርገፍ ጀምሯል። ጥንብ አንሳዎች ገደሉ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ያያሉ፤ ሲበሩ ክንፋቸውን አያራግቡም፣ እንዲሁ ይንሳፈፋሉ። እንድሪስ ቆንጆ ነው እያለ ፎቶ ያነሳል። እኔን ደስ አላሰኙኝም። ወፍ የሚበላው እህል እንጂ ሰው ሲንሸራተት መጠበቅ ሥራው ሊሆን አይገባም።

ያረፍነው አንድ መንደር ውስጥ፣ አንድ ጺማም ሰውዬ ከሚያስተዳድረው ቤት ነበር። ጧት ጧት ወጥተን በየአቅጣጫው እንሄድና ማታ እዚያው እንመለሳለን። ከራት ጋር ወይን ጠጅ በነፃ ነው። ሁለት ወሎዬ ሙስሊሞች ወይን ጠጅ አገር መላካቸውን አስቡት። ሰውዬው ጠርሙሱ ሳይከፈት ሲያገኘው ወይኑን የናቅንበት መሰለው፤ በማግስቱ የተሻለ አመጣ። እሱም ሳይነካ ቀረ። ቀጥሎ አባቱ የጠመቀውን ከምድር ቤት አወጣልን። እንድሪስ በእጁም በአንገቱም ሃይማኖት እንደሚከለክለን ሊያስረዳው ሞከረ። ሰውዬው አዘነልን፤ የበሽታ መስሎታል።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። አንድ ጧት እንድሪስ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ይመር ናቸው። ጋሽ ይመር ጡረታ የወጡ የትራም ነጂ ሲሆኑ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። እንዴት አደርክ አሉኝ። ጉዞው እንዴት ነው፣ አየሩ እንዴት ነው፣ ምግቡስ ተስማማችሁ ወይ አሉኝ። ይኼኔ ጠረጠርኩ። ጋሽ ይመር ሰላምታ አስረዝመው አያውቁም። ቀጥለው አጠገብህ ሰው አለ ወይ አሉኝ። የለም ስላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የእንድሪስ እናት እማማ ዘምዘም ትናንት አረፉ፤ ከዙህር በኋላ ደሴ ተቀበሩ አሉኝ።

እማማ ዘምዘምን አውቃቸዋለሁ። አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር እንድሪስ ዕቃ ይልክብኛል፣ እሳቸው ደግሞ በልቼ ካልጠገብኩ አይለቁኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ልጃቸው ያንጎራጉራል።

ጋሽ ይመር ቀጠሉ። እንድሪስ ቤቱ እስኪገባ ድረስ እንዳይሰማ አሉኝ። አደራ አሉኝ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ማለት ነው፣ እናቱ እኮ ናት፣ ለምን አይነገረውም ይላል። የሥራ ጎረቤቴ ኖርዌጂያን ያለችኝም ይህንኑ ነው። ለኛ ግን መርዶ እንደ አየር ትንበያ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። ሰው የእናቱን መርዶ የሚሰማው በገዛ ቤቱ፣ ወገኑ ግራና ቀኝ ይዞት፣ ሲወድቅ የሚያነሳው፣ ሲጮኽ አብሮት የሚጮኽ ባለበት ነው። ቀብሩም አልፏል፤ ቢሮጥም አይደርስም። ሰው በማያውቀው አገር፣ ገደል አጠገብ፣ ከአንድ ጫማ ሠሪ ጋር ብቻውን ሆኖ እናትህ ሞተች ይባላል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ነው፤ አገር ምድሩ ሰምቶ ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማል። ጭካኔ አይደለም፣ እንክብካቤያችን ነው። ጉዞውን ማቋረጥም አይቻልም፤ ይጠረጥራል። ስለዚህ ትእዛዙ ግልጽ ነው። እስከ እሑድ ድረስ ሰውየውን ሳይሰማ፣ ሳይወድቅ፣ ሳይሰበር ቬስትሊ ማድረስ።

ፌስቡኩን ጠብቅ አሉኝ ጋሽ ይመር በመጨረሻ። እውነታቸውን ነው። የዛሬ ዘመን መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ አይደለም፤ አንድ የአጎት ልጅ ፎቶ ይለጥፍና አላህ ይርሐማት ብሎ ይጽፍበታል፣ በቃ። እንድሪስ ከመታጠቢያ ቤት ሳይወጣ የስልኩን ቻርጀር ነቅዬ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩት። የኔ ቻርጀር ለሱ ስልክ አይሆንም። የሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆን እያልኩ ስንት ጊዜ አማርሬ ነበር፤ ያን ቀን ግን የለያዩትን ሰዎች መረቅኋቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልመኝላችሁም። ሆድ ይፍጀው ይባላል፣ ሆዴም ፈጀኝ። እንድሪስ ቻርጀሬን አየኸው ወይ አለኝ፤ አላየሁም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሞተ። ይሻላል፣ ቱር ማለት እንዲህ ነው፣ ከወሬ መራቅ ነው ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ማየት አቃተኝ። ዳቦ ሲሰጠኝ አልበላም አልኩ። ቦርሳህን ልያዝልህ አልኩት። በሃያ ዓመት ውስጥ የሱን ቦርሳ ይዤ ስለማላውቅ ቆም ብሎ አየኝና አሞሃል ወይ አለኝ። በኖርዌጂያኑ ናይ፣ የለም አልኩ። ይከብድሃል፣ አርጅተሃልኮ አልኩት። ደሴዎች አናረጅም አለና መንገዱን ቀጠለ።

ከሁሉም የከፋው ሶላቱ ነው። ከወይኑ እርሻ ዳር ጃኬታችንን አንጥፈን እንሰግዳለን። ሲጨርስ እጁን ይዘረጋና ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለምናል፤ ልማዱ ነው። የእናቴን ዕድሜ አርዝምልኝ፣ ዓይኗን በዓይኔ ሳላይ አትውሰድብኝ ይላል። አጠገቡ ያለ ሰው አሚን ማለት አለበት። ምን ልበል? አሚን ብል ውሸት ነው፣ ዝም ብል ይጠረጥራል። ዑለማ ባገኝ የምጠይቀው ጥያቄ ነበር፤ እዚያ አገር ግን ያለው ጥንብ አንሳ ብቻ ነው። ሳል ሳልኩበት። በየሶላቱ ሳል ሳልኩ። እንድሪስ የኔን ሳል ከስግደቱ ጋር አብሮ መምጣቱን ሳያስተውል አልቀረም።

አንድ ማታ ከራት በኋላ ሻይ ላምጣ ብሎ ወደ ሰውዬው ወረደ። ቆየ። ሲመለስ ሻይ የለም፤ ዓይኑ ቀልቷል። አልጋው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሰኢዶ አለኝ፤ ሰኢዶ የሚለኝ ሲያዝን ብቻ ነው። ሻይ አላገኘሁም፣ ይቅርታ አለ። ምን ሆንክ ብዬ ስጠይቀው ጉንፋን ነው አለ። ምን ጠረጠርኩ መሰላችሁ? ልቡ ነግሮታል አልኩ። የእናት ነገር ነው፤ ባሕር ማዶም ቢሆን ልብ ያውቃል። ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም፣ ሁለታችንም የተኛን መሰልን።

ከማግስቱ ጀምሮ እንድሪስ ሌላ ሰው ሆነ። ክርክር ቀረ። ይዘንባል ስል እንደ ኖርዌጂያኑ አዎ ለማለት ያ፣ ልክ ነህ ይላል። አይዘንብም ስል ያ፣ እውነትህን ነው ይላል። እንቁላሉን ቆርሶ ያጎርሰኛል። የሚያጎርሰኝን ሰው ዓይኑን ሳየው እንባ ያቀረረ ነው። ይኼኔ እኔ ባሰብኝ። ሐዘን ሊደርስበት የተቃረበ ሰው ደግ ይሆናል ሲባል ሰምቼ ነበር፣ ይኼው በዓይኔ አየሁ እያልኩ እኔም እሱን አጎርሰዋለሁ። አንድ ቦርሳ ለመሸከም ተጣላን። እኔ ያንተን ልያዝ፣ እሱ ያንተን ልያዝ ስንባባል ቆየንና በመጨረሻ እሱ የኔን፣ እኔ የሱን አዝለን ሄድን። የቦርሳዎቹ ክብደት እኩል ነበር፤ ማንም አልተጠቀመም።

ገደሉ ላይ የደረሰውንማ ለዘሀራ እንኳ አልነገርኩም። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ይጠብና ከድንጋዩ ጎን ተፈልፍሎ እንደ መደርደሪያ ይሆናል። ከግድግዳው ጋር የብረት ሰንሰለት ተወጥሯል፤ በሌላው በኩል አየር ነው፣ ከአየሩ ሥር ኤብሮ። እኔ በሆዴ እንዲህ አልኩ፤ ይህ ሰው ልቡ እንደተሰበረ ቢንሸራተትብኝ ለጋሽ ይመር ምን ብዬ እመልሳለሁ? ስለዚህ በገደሉ በኩል ልሁን አልኩት። እሱ ደግሞ አይሆንም፣ አንተ ግድግዳውን ያዝ፣ እኔ በገደሉ በኩል እሆናለሁ አለ። አንተ፣ አንተ ስንባባል እርስ በርስ ተያይዘን፣ ሁለታችንም ከግድግዳው ርቀን፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ድንጋይ ላይ ትግል ገጠምን። ጠጠር ከእግራችን ሥር አምልጦ ወረደ። ውሃው ላይ ሲወድቅ አልሰማንም፤ ያን ያህል ሩቅ ነው። ከኋላችን ይመጡ የነበሩ አንድ ባልና ሚስት ቆመው በትዕግሥት ይጠብቁናል። በዓለም ላይ ሁለት ሰው በደግነት ሊሞት የተቃረበበት ቦታ እሱ ብቻ ይመስለኛል። በመጨረሻ ባልየው መሃላችን ገባና አንድ በአንድ አሳለፈን።

ከመመለሳችን በፊት መንደሩ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሻሽ የምትሸጥበት ሱቅ ገባን። እንድሪስ ከየትም አገር ቢመለስ ለእናቱ ሻሽ ሳይገዛ አይቀርም። አንድ አረንጓዴ አነሳና ለእማማ እንዴት ነው አለኝ። ቀለሙ አይሆናቸውም አልኩት። ሰማያዊስ አለ። ይከብዳል አልኩ። ነጩስ? ነጩን ሳይ ከፈኑ ታወሰኝና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ላለመጠርጠር ብዬ እኔም ለኔ እናት ልግዛ አልኩና አንድ ቢጫ አነሳሁ። ይኼኔ እንድሪስ ደንግጦ ከእጄ ነጠቀኝ። ቢጫ ምን ያደርግላታል፣ ይቅር አለ። ቡናማውን አነሳሁ፤ ሻንጣ አይችለውም አለ። ሻሽ ሻንጣ አይችለውም የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ የመሰለኝ እልህ ነው፤ የሱን ሁሉ ስላጣጣልኩበት የኔንም ማጣጣሉ ነው አልኩ። አሮጊቷ ሱቁን በሙሉ አውርዳ ዘረጋችልን። ሁለት ጎልማሳ ሰዎች ለእናቶቻቸው አንድም ጨርቅ ሳይገዙ፣ ሁለቱም አፍንጫቸውን እየጠረጉ ወጡ።

በዚህ መሃል ጋሽ ይመር በመልእክት እየተከታተሉኝ ነው። ኦስሎ ውስጥ ኮሚቴ ተቋቁሟል። በአገራችን ደንብ መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው፤ የዘሀራ ሕንጻ ደንብ ግን በዚያ ሰዓት ድምፅ ማሰማት ይከለክላል፤ ቦሬትስላጉ፣ የሕንጻው ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው፣ ወረቀት ለጥፎበታል። ሲከራከሩ ቆይተው እሑድ ከቀትር በኋላ እንዲሆን ወሰኑ። ዘሀራ ከሥር ለሚኖሩት ኖርዌጂያን ባልቴት በር አንኳክታ እሑድ እናለቅሳለን፣ እንዳይደነግጡ ብላ ነገረቻቸው። ባልቴቷ በጣም አዝነው ማን ሞተ ብለው ጠየቁ። አማቴ አለቻቸው። ባለቤትሽ እንዴት ሆነ ሲሉ ገና አልሰማም፣ እሑድ ነው የሚሰማው አለች። ባልቴቷ ምን እንዳሰቡ አላህ ይወቀው። እሑድ ግን ኬክ ጋግረው በሩ ላይ አስቀምጠው ሄደዋል።

አውሮፕላኑ ውስጥ እንድሪስ እጄን ይዞኝ መጣ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው የጓደኛውን እጅ ይዞ አህጉር ሲያቋርጥ አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ ዞራ አየችን። ከአየር ማረፊያው ባቡር ወርደን ወደ ቬስትሊ የሚወስደውን ያዝን። ውጭው ጨፍግጓል፤ ገና ከቀትር በኋላ ሆኖ መብራት በርቷል። በየጣቢያው በሩ ሲከፈት ልቤ አብሮ ይከፈታል። ራሴን ይኼን ያህል ነው የቀረህ፣ በርታ እለዋለሁ። አደራዬን ልወጣ ነው፤ ጓደኛዬ ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እናት የሌለው ሰው ሊሆን ነው። ደስታና ሐዘን አንድ ሆድ ውስጥ ሲገቡ ምን እንደሚሆን ጠይቁኝ፤ ያስመልሳል።

አራተኛ ፎቅ ደረስን። ከበሩ ውጭ የጫማ ክምር አለ፤ ከውስጥ ግን ድምፅ የለም። ሃምሳ ሰው ገብቶበት ዝም ያለ ቤት ምን እንደሆነ ሀበሻ ሁሉ ያውቃል። እንድሪስ ጫማዎቹን አየና ቆመ። ወደ እኔ ዞሮ ሁለቱንም ትከሻዬን ያዘኝ። ሰኢዶ፣ ወንድሜ አለኝ። ሞት በሁላችንም ላይ ያለ ነው፣ ጠንከር በል፣ እኔ አለሁልህ አለኝ። ለካ ያውቃል አልኩ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼው ነው፤ ሰውየው እያወቀ እኔ ስደብቀው ሰነበትኩ፣ አሁን ደግሞ እናቱ ሞታበት እኔን ያጽናናኛል። እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም ብዬ አለቀስኩ። አላህ ሶብሩን ይስጥህ አልኩት። ለሁላችንም አለኝ። ተቃቅፈን ገባን።

ሰዉ ሁሉ ተነሳ። ጋሽ ይመር ወደፊት መጡና፣ እንድሪስ ልጄ፣ ና እዚህ ጋ ቁጭ በል አሉ። እንድሪስ እኔን ተዉኝ፣ ሰኢዶን አስቀምጡት አላቸው። ራሱ ይዞ ሶፋው ላይ አስቀመጠኝ። ከፊቴ ተንበረከከ። ጋሽ ይመር አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደማቸው። ሰኢዶ፣ እናትህ እኮ አረፈች አለኝ፤ ያን ሁሉ ቀን ጠብቄህ ነው፣ ይቅር በለኝ አለና ራሱን ጉልበቴ ላይ ጥሎ ይንሰቀሰቅ ጀመር። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእንድሪስ እንባ ሱሪዬን አልፎ ገባ።

ቀና ብዬ ጋሽ ይመርን አየኋቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። ሌሎቹን አየሁ፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ይኼኔ ገባኝ። ስሸከመው የሰነበትኩት የኔው ነበር ማለት ነው አልኩ። እንቁላሉ፣ ቦርሳው፣ ገደሉ፣ ከእጄ የተነጠቀው ቢጫ ሻሽ፣ እያንዳንዱ እየመጣ መሰከረብኝ። ሁለት መርዶ በአንድ ሳምንት ወርዶ ጋሽ ይመር ለኔ የሱን፣ ለሱ የኔን ነግረው ነው አልኩ። እናቴ ሞታለች። ጆሮዬ ውስጥ ውሃ የገባ መሰለኝ። ሰው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አያለሁ፣ ድምፅ የለም።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከጓዳው በር ዘሀራ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የሰኢድ እናት ደህና ናት አለች። እኔ ነኝ የዋሸሁት አለች። እንድሪስ ባረፋችሁበት ቤት ሰውዬ ስልክ ደውሎልኝ፣ ሰኢድ ምግብ አይበላም፣ እናት ሲነሳ ይስላል፣ የሰማሽው ነገር አለ ወይ ብሎ ሲያስጨንቀኝ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፣ የሱ እናት አረፈች፣ ልቡ ነግሮት ይሆናል፣ እንዳትነግረው አልኩት አለች።

እንድሪስ ራሱን ከጉልበቴ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። ቤቱን አየ። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ነጠላ አየ። ሰዉ እኔን ሳይሆን እሱን እንደሚያይ አስተዋለ። ለኔ እናት ያፈሰሰው እንባ ጉንጩ ላይ ሳይደርቅ የራሱን ጀመረ። ጋሽ ይመር ያን ሁሉ ቀን የተለማመዱትን ንግግር ሳይናገሩት ቀሩ። እኔስ ምን አደረግኩ? ጓደኛዬ እግሬ ሥር እናቱን ሲያጣ እኔ በሆዴ አልሐምዱሊላህ እያልኩ ነበር። አፌ ላይ እንዳይወጣ ጥርሴን ነከስኩ።

ሐዘኑን እንደ ደንቡ ተቀመጥን። እንድሪስ አልተቀየመኝም፤ ዘሀራንም አልተቀየማትም። ቻርጀሩን ከካልሲዬ አውጥቼ ስሰጠው ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። መከራከር አልጀመረም። እስካሁንም ያ፣ ልክ ነህ ነው የሚለኝ። ይኼ ነገር ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል።

ሐዘንተኛው ሲበተን ኮምቦልቻ ደወልኩ። እናቴ ራሷ አነሳች። ድምፅዋን ስሰማ አንቺ ነሽ ወይ ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኳት። ምን ሆነሃል አለችኝ። ሁሉንም አወራኋት፤ ገደሉን፣ ሻሹን፣ ሶፋውን፣ የዘሀራን ውሸት። በመሃል አላቋረጠችኝም። ለእማማ ዘምዘም ፋቲሃ ቀራች። ከዚያ፣ እንድሪስ በደንብ አለቀሰልኝ ወይ አለችኝ። ሱሪዬን አራሰው አልኳት። አንተስ አለቀስክ አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት፤ ገና ልጀምር ስል አንቺ አይደለሽም አሉኝ አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ ይሁን የኔ ልጅ፣ ያንተን እንግዲህ አቆየው፤ ጊዜው ሲደርስ መርዶዬን እንድሪስ ይንገርህ፣ እሱ ለምዶታል አለችኝ።